ቆሞ የሚሸከም እንጨት

በሺር እንድሪስ እንጨትን በጆሮው ያውቅ ነበር። የተጋደመ ግንድ አጠገብ ሲደርስ ሌሎች አናጢዎች በዓይናቸው ይለካሉ፣ በስንዝር ይለካሉ፤ እሱ ግን ቁጢጥ ብሎ በጣቱ ኳ ያደርገውና ዓይኑን ጨፍኖ የሰማውን ድምፅ በጉሮሮው ይደግመዋል። ደረቅ ጽድ ጥርት ብሎ ይመልስለታል። እርጥብ ዝግባ ደግሞ ከብርድ ልብስ ስር እንደሚያወራ ሰው ይታፈንበታል። «ይህ ገና አልቅሶ አልወጣለትም፣ ተዉት ይድረቅ» ይላል። የመጋዝ ጓደኛው ሞላልኝ በዚህ ሲስቅበት አያልቅም ነበር፤ እንጨቱን ሊቆርጠው ነው ወይስ ሊድረው እያለ።

ድምፁን የወረሰው ከአባቱ ነው። አባቱ እንድሪስ ከኮምቦልቻ በታች ባለው ቆላ ስሙ የተጠራ መንዙማ አውጪ ነበር፤ ሲሞት ለልጁ የተወለት አንድ ድቤ የሚሉት የመንዙማ ከበሮና የማያልቅ ግጥም ነው። አናጢነቱን በሺር ደሴ ወጥቶ ከሰው እጅ ተማረ። እናም ሁለቱ በአንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ ጉድ ሆነ። ጣሪያ ላይ ወጥቶ መንዙማውን ሲለቀው ከታች ጭቃ የሚረግጡት ሰዎች እግራቸው በግጥሙ ይገባል፣ ድንጋይ የሚያቀብለው ድንጋዩን ይዞ ይቀራል፣ የቤቱ እመቤት ሥራው እንዳይቆም ብላ ልትቆጣ ትወጣና እሷም እዚያው በሩ ላይ ተደግፋ ትቀራለች።

በ1930 ዓ.ም.፣ ጣሊያን ደሴ ከገባ ወዲህ በመጣው ሁለተኛ በልግ፣ ይህ ድምፅና ይህ እጅ ሊጣሉ ደረሱ።

ነገሩ የሚጀምረው ከእትዬ ዘይቱና ቤት ነው። ኋላ ቧንቧ ውሃ በተባለው ሰፈር፣ ባለቤታቸው ሐጂ ጀላል እህል እየነገዱ የሠሩት የድንጋይ ቤት ነበራቸው። ደሴ ከአውሮፕላን ቦምብ በወረደባት ቀን ሐጂ ጀላል ልጆቻቸውን አቅፈው ከእህል ጆንያ መሀል ተኝተው ነዝር ገቡ፤ ከዚህ ቀን በሰላም ካወጣኸን በዚህ ቤት ላይ ደርብ እሠራለሁ፣ በደርቡም ላይ መውሊድ አስነብባለሁ ብለው ለጌታቸው ቃል ሰጡ። ቤቱም ልጆቹም ተረፉ። ሐጂ ጀላል በሺርን ጠርተው ሥራውን ሰጡት፤ መንዙማውንም የምታወጣልኝ አንተው ነህ አሉት። በሺርና ሞላልኝ ዝግባ ገዝተው፣ ሰንጥቀው፣ አራት ማዕዘን አውጥተው የደርቡን ወለል የሚይዙትን ተሸካሚ እንጨቶች ከግድግዳ ግድግዳ አጋደሙ። በላዩም ሳንቃ ቸነከሩ። ሐጂ ጀላል ግን የመውሊዱን ቀን ሳያዩ አንድ ሳምንት እንኳ ባልሞላ ሕመም አረፉ። ነዝሩ በሚስታቸው ትከሻ ላይ ወደቀ።

ታዲያ በሺር እነዚያን ተሸካሚዎች ያጋደማቸው በሰፊው ፊታቸው፣ በጀርባቸው አስተኝቶ ነው። የደሴ አናጢ ሁሉ እንዲያ ያደርግ ነበር። ድሮ ቤት በድቡልቡል ግንድ ይሠራ ስለነበር፣ ድቡልቡል ደግሞ ጀርባና ጎን ስለሌለው፣ እንዴትም ቢያጋድሙት ያው ነው። አራት ማዕዘን የወጣለት እንጨት ሲመጣ ማንም ቆም ብሎ አላሰበበትም። ሰፊው ፊቱ ለመተኛት ይመቸዋል፣ ሳንቃም ለመቸንከር ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣል። ደግሞም ያምራል፤ ከታች ሆኖ ሽቅብ ሲያዩት እንደተዘረጋ መቀነት ነው። የመጡ አናጢዎች ሁሉ አይተው አጃኢብ ብለው ሄደዋል።

ደርቡ ካለቀ በኋላ ሥራ ጠፋና በሺር ኮምቦልቻ ወረደ። እዚያ የመንገድና የድልድይ ሥራ ነበር። ከአስመራ የመጣ ገብረ ማርያም የሚባል ሰው የአናጢዎቹ አለቃ ነበርና ሁሉም ካቦ ይለዋል። ካቦ ገብረ ማርያም ቀጭን፣ ቁጡ መሳይ፣ ሲስቅ ግን ትከሻው የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው። በሺር ሥራ በገባ በሰሞኑ የድልድዩን ተሸካሚ እንደ ለመደው በጀርባው ሊያስተኛ ሲል ካቦው መዶሻውን ጥሎ መጣ።

አልጮኸበትም። አንድ ሳንቃ አንሥቶ በሁለት ድንጋዮች መሀል አጋደመና በሺርን ውጣበት አለው። ሳንቃው ከስሩ እንደ ቀስት ጎበጠ። አሁን ውረድ አለና ያንኑ ሳንቃ በጠርዙ አቆመው፤ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፉን እንዳይወድቅ ያዙለት። በሺር ወጣበት። ሳንቃው እንደ ግድግዳ ቀጥ ብሎ ቆየ። ያው እንጨት፣ ያው ሰው። በሺር ወርዶ ሳንቃውን ገለባብጦ አየው፤ ሌላ ሳንቃ ተተክቶበት እንደሆነ።

ካቦው አጠገቡ ተቀምጦ በእጁ እያሳየ አስረዳው። እንጨት ሲጎብጥ ሆዱ ይለጠጣል፣ ጀርባው ይጨማደዳል። ሆድና ጀርባው ተራርቀው ሲቆሙ አንዱ ለሌላው ጉልበት ይሆነዋል፤ በጀርባው ተኝቶ ሆድና ጀርባው ሲጣበቁ ግን ጉልበቱን ይዞ የሚቆምበት የለውም።

ከዚያ ደግሞ አንዲት ቀጭን ዘንግ አጋድሞ ድንጋይ በድንጋይ ጫነባት። በዘጠነኛው ድንጋይ ቀሽ ብላ ተሰበረች። የእሷን እኅት አጋደመና ለዚህችኛዋ ስንት ትጭናለህ ብሎ ጠየቀው። በሺር ስምንት አለ። ሠራተኛው ሁሉ ስምንት ነው አለ። የካቦው ትከሻ ተንቀጠቀጠ።

«አንታ በሺር፣ ሦስት ነው የምትጭን» አለው። «የምትሰበርበት ሌላ፣ የምትጭንባት ሌላ። የቀረው የእሷ ነው፣ አትንካባት። ላላየኸው ቋጠሮ ነው፣ ለእርጥበቱ ነው፣ ከላይ ሰው ለዘለለ ቀን ነው።»

ሌላው ሰው ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። በሺር ግን ከሦስቱ ድንጋዮች ፊት እንደተቀመጠ ቀረ። ሰው ለዘለለ ቀን የሚለው ቃል በደረቱ ውስጥ እንደ ድቤ መታ። የእትዬ ዘይቱና መውሊድ በዚያ ሳምንት ነበር። ጀማዓው ከደርቡ ላይ ይሞላል፤ ሽማግሌው፣ ጎረምሳው፣ ጎረቤቱ። መንዙማው ሲግል ሰው ተቀምጦ አይቀርም፤ ይነሣል፣ ትከሻ ለትከሻ ይገጥማል፣ አንድ ላይ ይዘላል፣ አንድ ላይ ያርፋል። ያን ሁሉ እግር አንድ ላይ የሚያነሣና የሚጥል የበሺር ድምፅ ነው። የገዛ እጁ ያስተኛውን እንጨት የገዛ ጉሮሮው ሊሰብረው። ከታች ደግሞ፣ ከደርቡ ስር ባለው የእህል ቤት፣ ሴቶቹ ያስተናግዳሉ።

ለካቦው ነገረው። ካቦው ሂድና እየው፣ ሲጫኑት ጎብጦ ሲያወርዱለት ቀና ካለ ልቡ አልተነካም፣ ነገሩ ቀላል ነው አለው፤ የሚያይበትንም መንገድ ነገረው። በሺር ድንጋይ በጫነ ካሚዮን ላይ ተንጠልጥሎ ጠመዝማዛውን ዳገት ወደ ደሴ ወጣ። በልጉ ገደሉን ሁሉ አረንጓዴ አልብሶት ነበር። በሌላ ቀን ቢሆን አንድ ግጥም ያወጣለት ነበር፤ ያን ቀን አፉን አልከፈተም።

እትዬ ዘይቱና በእህሉ ቤት ማሽላ ሲያስለኩ አገኛቸው። ሰላምታው እንኳ ሳያልቅ ቀና ብሎ ጣሪያውን ማየቱን አይተው ምን ሆነሃል አሉት። መውሊዱ ታች ቢሆንስ አላቸው። ነዝሩ በደርብ ላይ እንደሆነ፣ ሟቹ የተናገሩትን እሳቸው ሊያወርዱት እንደማይችሉ፣ ደግሞም በዚህ ዝናብ ግቢው ጭቃ መሆኑን ነገሩት። ከዚያ ፊቱን ትኩር ብለው አዩ።

«እትዬ፣ እንጨቶቹን በጀርባቸው ነው ያስተኛኋቸው» አላቸው። «በጎናቸው መቆም ነበረባቸው። እንዲህ እንደተኙ ጀማዓው ቢዘልባቸው፣ ወላሂ አላምናቸውም።»

እትዬ ዘይቱና ቀና ብለው ተሸካሚዎቹን አንድ በአንድ አዩአቸው፤ ረፍዶበት የተኛ ልጅ እንደሚያዩ ሁሉ።

«ታዲያ ቀስቅሳቸዋ» አሉት።

በሺር ሌላ እንጨት እንዲገዙ፣ ግድግዳው እንዲፈርስ፣ ሁሉ ነገር እንደገና እንዲጀመር የሚነግራቸው መስሏቸው ኖሮ፣ የሚያስፈልገው ያው እንጨት እንደሆነ፣ መገልበጥ ብቻ እንደሆነ ሲሰሙ ዱላቸውን መሬት መትተው ሳቁ። እኔ ደግሞ ሰው ሞተ ልትለኝ ነው ብዬ አሉት። አብሽር ልጄ፣ አብሽር አሉት። ከኮምቦልቻ ጀምሮ በሺር ትንፋሹን ሙሉ ያስወጣው ያን ጊዜ ነው።

ግን መጀመሪያ የእንጨቱን ልብ ማየት ነበረበት። ሞላልኝን ጠራ። ካቦው እንዳሳየው ከተሸካሚው ስር ከግድግዳ ግድግዳ አንድ ሲባጎ ወጠሩ፤ በሲባጎውና በእንጨቱ መሀል አንድ ጣት ይገባል። ከእህሉ ቤት ጆንያ እየተሸከሙ ደርቡ ላይ ደረደሩ። እንጨቱ ቀስ እያለ ወረደ፣ ሲባጎውን ነካው፣ ገፋው። የሳንቃው ምስማሮች ጮኹ። እትዬ ዘይቱና ከበሩ ላይ ሆነው ቢስሚላህ አሉ። ከዚያ ጆንያውን አወረዱ። በሺር ከስር ተንጋሎ ጠበቀ። እንጨቱ እንደ ሰነፍ ሰው እያዛጋ ሽቅብ ተመለሰ፤ ሲባጎውን ለቀቀው፣ እንደገናም ጣት አስገባ። ተመልሶ ቀና ብሏል። ልቡ አልተነካም። ሞላልኝ ከላይ ሆኖ ምን ሆነ ብሎ ሲጠይቅ በሺር ተንጋሎ እንዳለ ብቻውን ይስቅ ነበር።

በማግስቱ ሰፈሩ ተጠራ። ከመስጊድም ከቤተ ክርስቲያንም አጠገብ ያለው ጎረቤት መጣ። ሳንቃው ተነሣ፣ የተሸካሚዎቹ ጫፍ የገባበት የግድግዳ ቀዳዳ ወደ ላይ ተከፈተ። እንጨቱን ለማቆም አንዱ ወገን ሲገፋ ሌላው ይስባል፤ መጀመሪያ ላይ ሁሉም በየራሱ ጊዜ ይገፋ ስለነበር እንጨቱ እንደ ግትር በቅሎ አልነቃነቅ አለ። ያን ጊዜ በሺር ድምፁን አወጣ፦

ተነሣ እንጨቴ ተነሣ ቁም በል፣
ተኝተህ የከበደህ ቆመህ ይቀልል።

ሰዉ ተቀበለው። «ይቀልል» በሚለው ላይ ሁሉም ገፋ፤ ዝግባው ዞሮ በጎኑ ቆመ። ሞላልኝ በየመሀላቸው አጫጭር እንጨት እየሸነቆረ እንዳይጋደሙ ያዛቸው፤ ጫፋቸው በድንጋይና በጭቃ ተወተፈ። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሳንቃው ተመልሶ ተቸነከረ። የቀረ አንድ ጉድለት ነበር። እንጨቶቹ ሲቆሙ ወለሉ ከፍ አለ፤ ወለሉ ከፍ ሲል የደርቡ በር አጠረ። ረዘም ያለ ሰው ጎንበስ ሳይል አይገባም። በሺር ጉበኑን ልቁረጠው ሲል እትዬ ዘይቱና ተወው አሉት። ሞላልኝ ደግሞ፣ እትዬ፣ ከእንግዲህ ኩራተኛ ቤትዎ አይገባም፣ ቢገባም ግንባሩን ታቅፎ ነው አላቸው፤ እሱ ራሱ ሲወጣ የመጀመሪያው ተመቺ ሆነ።

የመውሊዱ ዕለት ካቦ ገብረ ማርያም አንድ ራስ ስኳር ይዞ በካሚዮን መጣ። እትዬ ዘይቱና ማርና ዳቦ አቅርበውለት በእህሉ ቤት እንደተወጠረ ከቀረው ሲባጎ ስር በርጩማ ተሰጠው። ከላይ መውጣት አልፈለገም፤ እኔ እዚህ ሆኜ እንጨቱን እሰማለሁ አለ። በሺር ግን ልቡ ገና አላረፈም ነበርና አንድ ነገር ለመነው።

«ደህና ከሆነ በዱላ ከስር አንኳኳልኝ» አለው። «ዝም ካልክ ደግሞ መንዙማውን አቆመዋለሁ።»

ከቀትሩ የዙህር ሰላት በኋላ ደርቡ ሞላ። ሰው ሁሉ በአጭሩ በር ጎንበስ እያለ እየገባ፣ ቀና እያለ አሰላሙ አለይኩም እያለ ተቀመጠ። መውሊዱ ተነበበ፣ ዱዓ ተደረገ፣ ለሐጂ ጀላል ፋቲሓ ተቀራ። ድቤው በእሳት ሞቆ መጣ። በሺር የአባቱን ድቤ ያዘ። አወጣጡን ዝቅ አደረገው፦

ያ ረቢ ሸክሜን አንተው ለካልኝ፣
ከአቅሜ አሳንሰህ ጥቂት ጫንልኝ።

ጀማዓው ተቀበለ። ይህን ግጥም ከዚያ በፊት ማንም አልሰማውም ነበር፤ ካሚዮን ላይ ያልወጣለት ግጥም አሁን በራሱ ጊዜ መጥቶ ነው። አንድ ሽማግሌ እንባቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። ጎረምሶቹ ተነሡ። ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ፣ ጉልበታቸው ላላ፣ ከዚያ አንድ ላይ ዘለው አንድ ላይ አረፉ። ወለሉ ድም አለ። በሺር እያዜመ ጆሮው ከስር ነበር። የካቦውን ዱላ ፈለገ። አልሰማም። እንደገና ዘለሉ፣ እንደገና ድም። ዱላው የለም።

ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ጀማዓው ግን ግሎ ነበርና እሱን ሳይጠብቅ ቀጠለ። የእጁን መዳፍ በድቤው ላይ ጫነው። ድቤው ዝም ሲል ተቀባዩ ተደናግጦ ዝም አለ፤ እግሮች ሁሉ አረፉ፤ ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ፣ ከበሺር ተረከዝ ስር፣ አንድ ጊዜ፣ ጥርት ብሎ፣ ኳ አለ።

ቀጥሎም ሌላ ኳ። ሌላም። ካቦ ገብረ ማርያም ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲያንኳኳ ነበር፤ ነገር ግን ጆሮ ያለው ሰው ነውና ዱላው ሳያውቀው በድቤው ምት ገብቶ፣ ከሰዉ እግርና ከድቤው ጋር አንድ ሆኖ አይለይም ነበር። አሁን ድቤው ቆሞ እሱ ብቻውን ቀጥሏል፤ ከላይ ምን እንደሆነ የሚያውቅ አይመስልም። ጀማዓው ወደ ወለሉ አየ፣ ወደ በሺር አየ። ከበሩ አጠገብ ተነጥለው የተቀመጡት እትዬ ዘይቱና፣ ያ ከታች ያለው ሰውዬ ደከማችሁ ወይ እያላችሁ ነው፣ አታሳፍሩኝ አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ፤ የፈረሰው በሳቅ ብቻ ነው። በሺር አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ድምፁን ለቀቀው፤ ከአባቱ ሞት ወዲህ እንዲህ ለቆት አያውቅም። ሲዘሉ እሱም ዘለለ።

ኋላ በደሴ የብዙ ሰው ደርብ ሠርቷል። እንጨቱን ሁሉ በጎኑ አቆመ፤ ሌሎቹም አይተው አቆሙ። ለምን እንዲያ እንደሚያደርግ ሲጠይቁት ስለ ሆድና ጀርባ እንደ ካቦው አድርጎ ያስረዳል፤ ማስረዳቱ ሲያቅተው ያችን «ተነሣ እንጨቴ» የምትለውን ግጥም ያዜምላቸዋል፤ ብዙዎቹ ከማስረዳቱ ይልቅ በግጥሙ ገብቷቸዋል። የመውሊዱ ደርብ ዓመት በዓመት ሰው ሲዘልበት ኖረ። በሩም እንዳጠረ ቀረ።

ያን ቀን ግን ጀማዓው ተበትኖ ደርቡ ጸጥ ሲል፣ በሺር በደረጃው ወርዶ ወደ እህሉ ቤት ገባ፤ እትዬ ዘይቱናም ተከትለውት ወረዱ። ካቦው በርጩማው ላይ ዱላውን ታቅፎ ክንዱን እያሸ ነበር፤ የእናንተ ነቢይ መወለድ ትከሻዬን ገደለው አለው። በሺር ወደ ሲባጎው ሄደ። አመልካች ጣቱን በሲባጎውና በእንጨቱ መሀል አስገባ። ጣቱ እንደ መጀመሪያው ቀን ገባ። ወዲህ ወዲያ አደረገው፤ ቦታ ነበረው።

እንጨቱ ምንም አልጎበጠም፤ ጣቱን አወጣ። ከዚያ በማሽላው ጆንያ ላይ ዘጭ ብሎ ተቀመጠና፣ ከጥዋት ጀምሮ እህል በአፉ እንዳልዞረ ትዝ አለው።

«እትዬ ዘይቱና» አለ፣ ድምፁ ጎርንኖ፣ «ከዚያ ማርና ዳቦ የተረፈ አለ?»